የእንግሊዝኛ የግሥ ጊዜያት ልምምድ፦ ምልክት ቃል ማደን ወይስ ጊዜን መምረጥ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ በሚካሄድባቸው ክፍሎች ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ፈታኙ ሦስተኛውን ምዕራፍ ገልጦ «መረጃው ተሰብስቧል ወይስ ገና ሊሰበሰብ ነው?» ሲል ይጠይቃል። ተማሪው ግራ ይጋባል። መረጃው ከተሰበሰበ ወራት አልፈዋል፤ ሠንጠረዦቹም በአራተኛው ምዕራፍ ተደርድረዋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ዛሬም «ዴታ ዊል ቢ ኮሌክትድ» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ከፕሮፖዛሉ እንዳለ የተሸጋገረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ በፈገግታ ይታለፍና «ቋንቋው ይስተካከል» በሚል ማስታወሻ ይዘጋል።

ማስታወሻው ግን ጥፋቱን በትክክል አይገልጸውም። ዐረፍተ ነገሩ እንደ እንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንከን የለበትም። የሰዋስው ማረሚያ ሶፍትዌር ቢያነበው አንዲት ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ ሶፍትዌሩ መረጃው መሰብሰቡን ወይም አለመሰብሰቡን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና። የጎደለው የግሥ እርባታ ዕውቀት አይደለም፤ ጸሐፊው በጊዜ ረገድ የት ቆሞ እንደሚናገር መወሰኑ ነው። ውጤቱም ቀላል አይደለም። አንድ ጥናት ተሠርቷል ወይስ ይሠራል የሚለውን የሚለየው ይኸው ግሥ ነውና፣ በአንዲት ረዳት ግሥ ምክንያት የተሠራ ሥራ እንዳልተሠራ ሆኖ ይነበባል።

ችግሩ የልምምድ ማነስ ነው ማለት ያስቸግራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። በ2012 ዓ.ም. ዳግም በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥም የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክህሎት ኮርሶች ተካትተዋል። በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ የማስተርስ ተማሪ የእንግሊዝኛን የግሥ ጊዜያት ከአሥር ዓመት በላይ እየደጋገመ ተለማምዷል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ተለማመደ ሳይሆን ምንን ሲለማመድ ቆየ የሚለው ነው።

የተለመደውን መልመጃ የማያውቅ አንባቢ የለም። ዐረፍተ ነገር ይሰጣል፤ የግሡ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ግሡ በቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። ተማሪውም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንዲት ቃል ይፈልጋል። «የስተርዴይ» ካገኘ ኃላፊ ጊዜ፣ «ኤቭሪ ዴይ» ካገኘ ተራ የአሁን ጊዜ፣ «ናው» ካገኘ በመከናወን ላይ ያለ ድርጊት፣ «ሲንስ» ወይም «ኦልሬዲ» ካገኘ ፕሬዘንት ፐርፌክት ብሎ ይሞላል። ብልህ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ሳይረዳው አሥሩን ጥያቄ በትክክል ሊመልስ ይችላል። አገር አቀፍ ፈተናዎች በምርጫ ጥያቄ የሚሰጡ መሆናቸው ደግሞ ይህን ብልሃት የሚያስመሰግን ያደርገዋል። ተማሪው የሠለጠነው በአደን ነው፤ የሚታደነውም ምልክት ቃል ነው።

አደኑ ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ምልክቶቹ ሁልጊዜ እውነት የማይናገሩ መሆናቸው ነው። «ዛሬ ጠዋት» የሚለው ሐረግ ተናጋሪው ገና በጠዋቱ ውስጥ ካለ ፕሬዘንት ፐርፌክትን ይቀበላል፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን አይቀበልም። «ጀስት» እና «ኦልሬዲ» በብሪታንያ እንግሊዝኛ በአብዛኛው ከፕሬዘንት ፐርፌክት ጋር ሲሄዱ አሜሪካውያን ከተራው ኃላፊ ጊዜ ጋር ያለ ምንም ቅሬታ ይጠቀሙባቸዋል። ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ አለመኖሩ ነው። የጥናት ዘዴን የሚገልጽ ምዕራፍ በየዐረፍተ ነገሩ «ትናንት» እያለ አይሄድም። ተማሪው ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀርብ የሚያድነው ነገር ያጣል፤ ያን ጊዜ ከፕሮፖዛሉ የተቀዳው ግሥ ባለበት ይቀራል፣ ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋው ግሥ በእንግሊዝኛ ልብስ ብቅ ይላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት የሚገባው ስለ ጊዜ ምንም ሳያውቅ አይደለም፤ ረቂቅ የሆነ የግሥ ሥርዓት ይዞ ነው። መጣ፣ መጥቷል፣ መጥቶ ነበር፣ ይመጣል፣ ይመጣ ነበር፣ እየመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው እያለ ሲናገር አንዱን ከሌላው የሚለይበት ሕግ በልቡ አለ። በግሡ ላይ የባለቤቱን ማንነት ማመልከትም ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝኛዋ ነጠላ «ኤስ» ከአማርኛው እመጣለሁ፣ ትመጣለህ፣ ትመጫለሽ፣ ይመጣል፣ ትመጣለች፣ እንመጣለን፣ ትመጣላችሁ፣ ይመጣሉ አጠገብ ስትቆም ምስኪን ናት። ከባዱ ሁለቱ ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆርሱበት ቦታ አለመመሳሰሉ ነው።

ለምሳሌ «መጥቷል» ለእንግሊዝኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት ቅርብ ይመስላል፤ ብዙ መምህራንም በዚሁ ይተረጉሙታል። ትርጉሙ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። አማርኛ «ትናንት ደብዳቤውን ጽፌያለሁ» ማለትን አይከለክልም፤ የእንግሊዝኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት ግን የተቆረጠ ያለፈ ቀን አጠገቡ እንዲቆም አይፈቅድም። ስለዚህ «አይ ሃቭ ሪትን ኢት የስተርዴይ» የሚለው ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የአማርኛን ሕግ በታማኝነት የጠበቀ ዐረፍተ ነገር ነው። የተማሪ ስሕተት ሥርዓት እንዳለውና ለመምህሩ መረጃ እንደሚሆን ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ካመለከተ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗል። ቀይ እስክሪብቶው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስሕተቱን ይሰርዘዋል እንጂ አያነበውም።

ከዚህ የባሰ የሚያወላክፈው ሁኔታን የሚገልጹት ግሦች ናቸው። ተኝቷል፣ ቆሟል፣ ተቀምጧል፣ ለብሷል፣ ይዟል፣ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ገብቶታል። አማርኛ እነዚህን በአንድ መልክ ይናገራቸዋል፦ ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ ያስከተለው ሁኔታ አሁንም አለ። እንግሊዝኛ ግን ይበታትናቸዋል። የተኛው፣ የቆመውና የለበሰው በ«ኢንግ» ይነገራሉ፤ ድካሙና ረኃቡ በቅጽል ይነገራሉ፤ መረዳቱ በተራው የአሁን ጊዜ ይነገራል። በአንጻሩ «ኢንግ» ማለት «እየ… ነው» ማለት ነው ተብሎ የተነገረው ተማሪ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ድሬስ» የሚለውን ሲያነብ ሴትዮዋ ቀሚሱን ገና በራሷ በኩል በማጥለቅ ላይ ያለች ይመስለዋል። «እየለበሰች ነው» እና «ለብሳለች» የሚለው ልዩነት በአማርኛ የማይታለፍ ሲሆን እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ግድ የለውም፤ ለማጥለቁ ሌላ ግሥ አለው። አንድ ለአንድ የተደረደረ የጊዜያት ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም።

ቆይታን በሚመለከትም ግጭት አለ። «ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ይሠራል» በአማርኛ የአሁን ጊዜ ነው፤ ሥራው ዛሬም አለና። እንግሊዝኛ ያለፉትን ዓመታት ከዛሬው ጋር በአንድ ግሥ ማሰር ስለሚፈልግ ፕሬዘንት ፐርፌክትን ያዛል። የምግብ ቤት አስተናጋጅ ገና ከመደርደሪያው ሳይነሣ «መጣሁ!» ሲል፣ እንግዳም ገና ከወንበሩ ሳይነሣ «በሉ ሄድኩ» ሲል ማንም በኃላፊ ጊዜ አይተረጉመውም። ይህ ሁሉ የሚያሳየው የግሥ መልክና የሰዓት መቁጠሪያ አንድ አለመሆናቸውን ነው። በርናርድ ኮምሪ አስፔክትንና ጊዜን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1985 ባወጣቸው በሁለት የተለያዩ መጻሕፍት መመርመሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስውና የቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. የ1995 ሰፊ ማጣቀሻ ሰዋስው በአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ግን በሥልጠናው ወቅት እነዚህን እንዲያነብ የሚገደድበት ሁኔታ እምብዛም ነው፤ የአማርኛ ክፍልና የእንግሊዝኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በመተላለፊያው ላይ ብቻ ነው።

የምርምር ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በአማርኛ የሚጻፍ አጠቃሎ «መረጃው በቃለ መጠይቅና በጽሑፍ መጠይቅ ተሰብስቧል፤ በገላጭ ስልትም ተተንትኗል» ይላል። አቀራረቡ ትክክለኛና የተለመደ ነው። ያው ተማሪ ገጹን ገልብጦ የእንግሊዝኛውን አጠቃሎ ሲጽፍ በ«ሃዝ ቢን» የተሞላ አንቀጽ ያወጣል፤ የእንግሊዝኛ የምርምር ልማድ በዚህ ቦታ የሚጠብቀው ግን ተራውን ኃላፊ ጊዜ ነው። በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ውስጥም እንዲሁ ነው። «ብዙ ጥናቶች ጉዳዩን መርምረዋል» ለማለት ፕሬዘንት ፐርፌክት ይስማማል፤ እስከ ዛሬ የተሠራውን ይሰበስብና ያልተሠራውን ለመጠቆም በር ይከፍታልና። አንድ የተወሰነ ጥናት ያገኘውን ለመናገር ግን ጸሐፊው መምረጥ አለበት። በኃላፊ ጊዜ ከጻፈው ግኝቱ የዚያ ጥናትና የዚያ ናሙና ሆኖ ይቀራል፤ በአሁን ጊዜ ከጻፈው ግኝቱ አጠቃላይ እውነት ነው ወደ ማለት ይጠጋል። በሌላ ሰው ግኝት ላይ ይህን ያህል እምነት የሚጥል ጸሐፊ እምነቱን እያወቀ ሊጥል ይገባዋል። ባዶ ቦታ በመሙላት ያደገ ተማሪ ግን ምርጫ መኖሩንም አያውቅም።

ለዚህ ሁሉ «ተማሪው በእንግሊዝኛ ብዙ ካነበበና ካዳመጠ በራሱ ይስተካከላል» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ንባብ ማንም ቋንቋ አልለመደም። ሆኖም ሜሪል ስዌይን በካናዳ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ይከታተሉ የነበሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን ስትመረምር፣ ለዓመታት በቋንቋው ተከበው ቢማሩም በሰዋስው ትክክለኛነት ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች በግልጽ ወደኋላ መቅረታቸውን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበችው መላምት ተማሪው ራሱ መናገርና መጻፍ እንዳለበት፣ ለማለት የፈለገውን በትክክል ማለት ሲያቅተው ያን ጊዜ የጎደለውን እንደሚያስተውል የሚገልጽ ነበር። የኢትዮጵያ ተማሪ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ያነባል፤ አንድ ሙሉ ገጽ በራሱ እንግሊዝኛ ጽፎ የሚታረምለት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ሲባል ድግግሞሽ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ የቅኔ ቤት ትምህርት ከብዙ ዘመናዊ የሥነ ዘዴ መጽሐፍ የተሻለ ምስክር ነው። የቅኔ ተማሪ ግሥ ያወርዳል፤ እርባታውን በቃሉ እስኪወጣው ይደጋግማል። ከዚህ የጠነከረ ድሪል የትም አይገኝም። ነገር ግን ግሡን ቋጥሮ አይቀመጥም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩም ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የተጠናው ግሥ ወዲያው ለተማሪው ሐሳብ ይታዘዛል። በዘመናዊው ክፍል የቀረው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ቆጠራውና ነገራው የሉም።

ቆጠራው በእንግሊዝኛ ክፍል ምን ሊመስል እንደሚችል በአንድ አጭር አንቀጽ ማሳየት ይቻላል። ተማሪዎች ስለ እምቦጭ አረም የተጻፈ የፕሮፖዛል አንቀጽ በእንግሊዝኛ ይሰጣቸዋል። አንቀጹ ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የዓባይ መነሻ መሆኑን፣ አረሙ በሐይቁ ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 መታወቁን፣ ከዚያ ወዲህም በዳርቻዎቹ መስፋፋቱን፣ ጥናቱም በተመረጡ ቦታዎች ሽፋኑን እንደሚለካ ይናገራል። የተማሪዎቹ ሥራ ጥናቱ ተፈጽሟል ብለው አንቀጹን ወደ መመረቂያ ጽሑፍ መለወጥ ነው። የትኛው ግሥ ይለወጣል? የትኛውስ ባለበት ይቆያል?

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አይነካም፤ ሐይቁ ከጥናቱ በፊትም በኋላም ያው ሐይቅ ነው። ሁለተኛውም አይነካም፤ ዓመቱ ቆርጦታል፣ ተራ ኃላፊ ጊዜ ነው። መጨረሻው ላይ «ዊል ሜዠር» የነበረው «ሜዠርድ» ይሆናል፤ የግምገማው ክፍል ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነበር። ክርክሩ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። «ሃዝ ስፕሬድ» ሲባል መስፋፋቱ እስከ ጸሐፊው ቀን ድረስ ይደርሳል፤ «ስፕሬድ» ብቻ ሲባል ግን አንባቢው «ታዲያ አሁንስ አለ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ያገኛል። ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው። መልሱ ያለው በሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ ሳይሆን በሐይቁ ላይ ነው፤ ተማሪውም ምርጫውን በቃሉ ማስረዳት ይኖርበታል። ማስረዳቱ በአማርኛ ቢሆን ምንም ክፋት የለውም፤ የሚፈለገው ግልጽ ሐሳብ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ክርክር ሃንስ ራይሸንባክ እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ሐሳብ ጥሩ መሣሪያ ነው። ፈላስፋው እያንዳንዱን የግሥ ጊዜ በሦስት ነጥቦች ይመለከተዋል፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት፣ ተናጋሪው የሚናገርበትና ተናጋሪው ዓይኑን ያሳረፈበት። ተራው ኃላፊ ጊዜና ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚለያዩት በሦስተኛው ነጥብ ብቻ ነው። ድርጊቱ በሁለቱም አልፏል፤ በአንደኛው ዓይኑ ወደ ያን ጊዜ ሄዷል፣ በሁለተኛው ዛሬ ላይ ቀርቷል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመርና ሦስት ነጥብ ይበቃል።

ከመምህራን በኩል የሚነሣው ተቃውሞ ግን ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ ከወንበር ቁጥር የሚመጣ ነው። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ባዶ ቦታ ሙላ በአሥር ደቂቃ ይታረማል፤ አንቀጽ ግን ቅዳሜና እሑድን ይበላል። ይህ እውነት ነው፤ በምክርም አይፈታም። የማቅለያው መንገድ አንቀጹን አጭር ማድረግ፣ እርማቱንም በአንድ ነገር ላይ ብቻ መወሰን ነው፦ ግሦቹ ይከበባሉ፣ ሌላው ስሕተት ለዚያ ቀን ይታለፋል። ሁሉንም ስሕተት በአንድ ጊዜ ማረም የለመደ መምህር ይህን መቀበል ሊከብደው ይችላል። ሌላው ተቃውሞ የኢትዮጵያውያን እንግሊዝኛ የራሱ መልክ ቢኖረው ምን ይጎዳል የሚል ነው። ለ«ሲንስ» አጠቃቀም ይህ ክርክር ያስኬድ ይሆናል፤ አንባቢው ሐሳቡን አይስተውም። «ዊል ቢ ኮሌክትድ» ግን የአነጋገር ለዛ ጉዳይ አይደለም፤ በየትኛውም እንግሊዝኛ ያልተሰበሰበ መረጃ ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ግጭቶች የአማርኛ ተናጋሪው ናቸው። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ አፉን የፈታበት ተማሪ የሚሰናከልበት ድንጋይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ የአንዱን ዝርዝር ለሌላው ማከፋፈል አሮጌውን ስሕተት በአዲስ ወረቀት ማባዛት ይሆናል። ሥራው በየቋንቋው ለየብቻ መሠራት ያለበት ነው፤ ለማስተርስ ጥናትም ልኩ ነው። ሁለት ተመጣጣኝ ክፍሎች ይወሰዳሉ፤ አንዱ በተለመደው መልመጃ፣ ሌላው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ግጭቶች በመነሣት አንቀጽ እየጻፈና ምርጫውን እያስረዳ አንድ ወሰነ ትምህርት ይማራል። ጥንቃቄ የሚያሻው በመለኪያው ላይ ነው። የመጨረሻው ፈተና ባዶ ቦታ ሙላ ከሆነ የተለመደው ክፍል ሊበልጥ ይችላል፤ የሠለጠነው ለዚያው ነውና። መለኪያው ምንም ምልክት ቃል ያልተሰጠበት፣ ተማሪው ራሱ የሠራውን ሥራ የሚተርክበት አንድ ገጽ መሆን አለበት፤ የሚጻፈውም ኮርሱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው።